ፋንጂዮ፦ ስለ አሮጌው የፎርሙላ ዋን ንጉሥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፎርሙላ ዋን ክርክር ሲነሳ ሹማከር ይጠራል፣ ሴና ይጠራል፣ ሃሚልተን ይጠራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ፋንጂዮስ?» ይላል። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ታሪኩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለ ሰውዬው ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋንጂዮ ማን ነው? ባጭሩ።

ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ አርጀንቲናዊ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ጁን 24 ቀን 1911 ተወለደ፤ ጁላይ 17 ቀን 1995 በ84 ዓመቱ አረፈ። የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1950 ነው። እሱም ከዚያው ዓመት እስከ 1958 ተወዳድሮ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፦ በ1951፣ 1954፣ 1955፣ 1956 እና 1957። 51 ጊዜ ለውድድር ተሰልፎ 24ቱን አሸንፏል። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው! ለዓመታት ከተወዳደሩት ውስጥ ይህን ያህል ድርሻ ያሸነፈ እስከ ዛሬ የለም።

ከሀብታም ቤት ነው የመጣው?

በጭራሽ። በዚያ ዘመን የመኪና ውድድር በአብዛኛው የባለጸጋ ልጆች ጨዋታ ነበር። ፋንጂዮ ግን ባልካርሴ የምትባል የድንች አገር ልጅ ነው። ከተማዋ ከቦነስ አይረስ ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወላጆቹ ከጣሊያን ተሰደው የመጡ ሠርቶ አደሮች ናቸው። ስድስት ልጆች ነበሯቸው፤ እሱ አራተኛው ነው።

ገና ልጅ እያለ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ የሚሠራው የመጥረግና የማቀበል ሥራ ነበር። ቀስ በቀስ ሞተር መፍታት፣ ከዚያም መግጠም ለመደ። የእግር ኳስ ፍቅርም ነበረው። እግሮቹ ወልገድ ያሉ ስለነበሩ ጓደኞቹ «ኤል ቹዌኮ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ ስሙ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አብሮት ኖረ። ከብሔራዊ ውትድርና ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

በእኔ ግምት የፋንጂዮ ነገር በሙሉ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ሌሎቹ መጀመሪያ መንዳት ተማሩ፤ እሱ መጀመሪያ የተማረው መኪና ለምን እንደሚበላሽ ነው።

የመጀመሪያ ውድድሩን በታክሲ ነው ያደረገው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1936 የጓደኛው አባት የሚሠራበትን ፎርድ ታክሲ ተዋሰ። ከጓደኞቹ ጋር ሆነው ቦዲውን አወለቁለትና የውድድር መኪና አስመሰሉት። ቤተሰቡ እንዳይሰማ ይመስላል፣ የተመዘገበው በራሱ ስም ሳይሆን «ሪቫዳቪያ» ብሎ ነው፤ ይህም ኳስ የሚጫወትበት ክለብ ስም ነበር። ሞተሩ አልቻለም፤ ከመጨረሱ በፊት ተበላሸ። ያንን መኪና ጠግኖ፣ ቦዲውን መልሶ ገጥሞ ለባለቤቱ ማስረከብ ደግሞ ሌላ ውድድር ነው።

ከአውሮፓ በፊት የት ተወዳደረ?

በደቡብ አሜሪካ የአገር አቋራጭ ውድድሮች። የዛሬ ሰው ፎርሙላ ዋን ሲባል የሚያስበው አስፋልት፣ ምልክትና አጥር ነው። በእነዚያ ውድድሮች ግን መንገዱ ራሱ ብዙ ቦታ ላይ መንገድ አይባልም። አቧራ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው።

በ1940 ያሸነፈው ውድድር ከቦነስ አይረስ ተነስቶ በቦሊቪያ በኩል ሊማ፣ ፔሩ ድረስ፣ ከዚያ ደርሶ መልስ ነበር። በጠቅላላው ወደ 9,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ስድስት ጊዜ ሄዶ መመለስ በሉት። መሀል ላይ ደግሞ የአንዲስ ተራሮች አሉ። አንዳንዱ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሞተሩም ሰውም እኩል ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መኪናው ሲሰበር የሚጠግነው ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቷል።

መኪናው ሸቭሮሌ ነበር። የተገዛውም የባልካርሴ ሰው አዋጥቶ ነው። አንድ ከተማ ለአንድ የጋራዥ ልጅ ገንዘብ አዋጥቶ መኪና ሲገዛ አስቡት። እሱም አላሳፈራቸውም፤ በ1940 እና በ1941 የአርጀንቲና ሻምፒዮን ሆነ። የፎርድ ወገን ጀግኖች የጋልቬዝ ወንድማማቾች ነበሩ፤ የሸቭሮሌው ደግሞ ፋንጂዮ። በአርጀንቲና የፎርድና የሸቭሮሌ ደጋፊነት ዛሬም ድረስ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ከዚያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጎማና መለዋወጫ ጠፋ፤ ውድድርም ቆመ። ለአንድ ሹፌር ምርጥ የሚባሉትን ዓመታት በጥገናና በንግድ አሳለፈ።

ረዳቱ በአደጋ ሞቷል ይባላል?

አዎ። በ1948 ከቦነስ አይረስ ወደ ካራካስ በሚደረገው ውድድር ላይ፣ ፔሩ ውስጥ በሌሊት ሲነዱ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ረዳቱና ጓደኛው ዳንኤል ኡሩቲያ ሕይወቱ አለፈ። ፋንጂዮ በዚህ በጣም ተጎድቶ ነበር። መንዳት ሊተው አስቦ እንደነበር ይነገራል።

ለምን በዚያ ዕድሜ አውሮፓ ሄደ?

ዕድሉ የመጣው ያኔ ስለሆነ ነዋ። በ1949 የአርጀንቲና አውቶሞቢል ክለብና የፕሬዚዳንት ፔሮን መንግሥት ገንዘብ መድበው የአገሪቱን ሹፌሮች ወደ አውሮፓ ላኩ። ፋንጂዮ 38 ዓመት ሊሞላው ነው። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ወገቡም እንደ ወጣት አይደለም። አውሮፓውያኑ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ብለው ሳይጨርሱ ሳን ሬሞ ላይ አሸነፈ። ከዚያ ፖ፣ ፐርፒኛን፣ ማርሴይ፣ ሞንዛ፣ አልቢ። በአንድ ወቅት ስድስት ድል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት አልፋ ሮሜዮ ቀጠረው።

በ1950 ለምን ሻምፒዮን አልሆነም?

መኪናው ውድድሩን ሲጨርስለት አሸንፏል፤ ሳይጨርስለት የቀረው ተበላሽቶበት ነው። ሞናኮን፣ ቤልጂየምንና ፈረንሳይን ወሰደ። ጁሴፔ ፋሪና የሚባለው የቡድን ጓደኛው ግን በ30 ነጥብ ለ27 ቀደመው። በመጨረሻው ውድድር ሞንዛ ላይ ፋንጂዮ ሁለት መኪና ቀይሮ ሁለቱም ከዱት። በዚያ ዘመን አንዱ ሹፌር ወርዶ መኪናውን ለቡድን ጓደኛው መስጠት ይችል ነበር።

ሞናኮ ላይ ሳያይ አደጋ «አወቀ» የሚባለው ተረት ነው?

ተረት አይደለም። ሜይ 21 ቀን 1950 ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ የባሕር ማዕበል አጥር ዘሎ አስፋልቱን አርጥቦት ነበር። ፋሪና ተንሸራቶ ተጋጨ፤ ከኋላው የመጡትም ተደራርበው መንገዱን ዘጉት። ፋንጂዮ ግን ቀድሞ አልፎ ስለነበር ምንም አላየም። ዙሩን ጨርሶ ወደዚያው ቦታ በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ነው።

ኩርባው ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ከነከነው። እሱ መሪ ነው፤ ተመልካቹ እሱን ማየት አለበት። ሰዉ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚያየው። በዚያው ወረዳ ከጦርነቱ በፊት የደረሰ ተመሳሳይ አደጋ ፎቶ አይቶ ስለነበር ትዝ አለው። ፍሬን ያዘ። ኩርባውን ሲዞር መንገዱ በተሰባበረ መኪና ተሞልቷል። በዝግታ መሀላቸውን ሹልክ ብሎ አለፈ፤ ሁሉንም ቢያንስ በአንድ ዙር በልጦም አሸነፈ።

ሁልጊዜ ምርጡ መኪና ስለነበረው ነው ያሸነፈው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው?

ግማሽ ልክ ናቸው። አምስቱን ዋንጫ የወሰደው በአራት ኩባንያ መኪኖች ነው፦ አልፋ ሮሜዮ፣ መርሴዲስ፣ ፌራሪ፣ ማሴራቲ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው የለም። የ1954ቱን ዋንጫ እንኳ በማሴራቲ ጀምሮ በመርሴዲስ ነው የጨረሰው፤ መርሴዲስ አዲሱን መኪናውን ያደረሰው ወቅቱ ከተጋመሰ በኋላ ጁላይ ላይ ስለነበር። መርሴዲስ ሲወጣ ፌራሪ ገባ። ከኩባንያው ባለቤት ከኤንዞ ፌራሪ ጋር አልተስማሙም፤ አንድ ዓመት ሠርቶ፣ ዋንጫውን ወስዶ፣ ወደ ማሴራቲ ተመለሰ።

ስለዚህ ጥሩ መኪና መርጧል፤ አይካድም። ግን ጥሩ መኪና መምረጥም እውቀት ነው! በየጋራዡ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሞተር ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ነው የሚመርጠው። ደግሞም የቡድን ጓደኞቹ ያንኑ መኪና ይነዱ ነበር። በ1950 ከቀደመው ከፋሪና በቀር በሻምፒዮናው ያሸነፈው የለም።

መኪናው ደህና ሳይሆንስ? በ1953 በጣሊያን የሚሌ ሚሊያ ውድድር ላይ የአልፋ ሮሜዮው መሪ መሀል መንገድ ላይ ተበላሸ። መሪውን ሲያዞር የሚታዘዘው አንዱ የፊት ጎማ ብቻ ሆነ። እንደዚያ እየነዳ ሁለተኛ ወጣ። የእኛ አገር ሹፌር ይህን ሲሰማ ይገባዋል መሰለኝ።

በ1952 ምን ሆኖ ነው የጠፋው?

አንገቱ ተሰበረ። ጁን 7 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ይወዳደራል፤ በማግስቱ ጁን 8 ደግሞ ሞንዛ፣ ጣሊያን እንደሚወዳደር ቃል ገብቷል። አውሮፕላኑ በአየር ሁኔታ ምክንያት ፓሪስ ላይ ቀረ። እሱም መኪና ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አደረ። የአልፕስ ተራሮችን አቋርጦ ሞንዛ ሲደርስ ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀርቶታል። ልምምድ ስላላደረገ ከኋላ ተሰለፈ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ኩርባ ስቶ ወጣ። ማሴራቲው ሲገለባበጥ እሱን ወረወረው። የዓመቱን ቀሪ ጊዜ በሕክምናና በማገገም አሳለፈ። ከዚያ በኋላ አንገቱን እንደ ልቡ ማዞር አይችልም ነበር፤ በፎቶ ላይ ዞር ሲል ከነትከሻው የሚዞረው ለዚህ ነው። ራሱ እንደሚናገረው ጥፋቱ የድካም ነበር። እንቅልፍ አጥቶ መንዳት ሻምፒዮንንም አይምርም።

ሌ ማን ላይ በ1955 ከደረሰው አደጋ እንዴት ተረፈ?

ለጥቂት። ጁን 11 ቀን 1955 ነው፣ ወደ ምሽቱ። ሌ ማን ፈረንሳይ ውስጥ የሚደረግ የ24 ሰዓት ውድድር ነው። ማይክ ሆውቶርን የሚባለው ተወዳዳሪ ወደ ፒት (ነዳጅ የሚሞላበትና ጎማ የሚቀየርበት ቦታ) ለመግባት ፍሬን ያዘ፤ ከኋላው የነበረው ኦስቲን ሂሊ እሱን ሲሸሽ ወደ ግራ ወጣ። በፍጥነት ይመጣ የነበረው የፒየር ሌቬግ መርሴዲስ ከዚያ መኪና ኋላ ተጋጭቶ ወደ ተመልካቹ በረረ። ከ80 ሰው በላይ አለቀ፤ ሌቬግም ሞተ። በመኪና ውድድር ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም።

ፋንጂዮ የሌቬግ የቡድን ጓደኛ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ልክ ከኋላው ነው ያለው። በሕይወቱ ሙሉ ይናገር የነበረው ሌቬግ ከመጋጨቱ በፊት እጁን አንስቶ እንዳስጠነቀቀው ነው። በዚያ ክፍተት አለፈ። መርሴዲስ ሌሊት ላይ እየመራ ሳለ መኪኖቹን አስወጣ። የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የስዊዘርላንድና የስፔን ግራንድ ፕሪዎች (የፎርሙላ ዋን ውድድሮች) በዚያ ዓመት ተሰረዙ። መርሴዲስም በዓመቱ መጨረሻ ከውድድር ወጣ፤ ለፎርሙላ ዋን የራሱን ቡድን ይዞ የተመለሰው በ2010 ነው።

በ1956 አንድ ወጣት ሹፌር ዋንጫውን «ሰጠው» የሚባለው ምንድን ነው?

የእንግሊዙ ፒተር ኮሊንስ ነው። 24 ዓመቱ ነበር፤ በፌራሪ የፋንጂዮ ባልደረባ። የመጨረሻው ውድድር ሞንዛ ላይ ሲደረግ ኮሊንስ ራሱ ሻምፒዮን የመሆን ዕድል ነበረው። የፋንጂዮ መኪና መሪው ተበላሽቶ ቆመ። ሌላው ባልደረባ ሉዊጂ ሙሶ መኪናውን እንዲሰጥ ተጠይቆ እምቢ አለ። ኮሊንስ ግን ጎማ ለማስመርመር ፒት ሲገባ ፋንጂዮን ቆሞ አየው። ወረደና መኪናውን ሰጠው። ፋንጂዮ በእሷ ሁለተኛ ወጥቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ኮሊንስ ገና ወጣት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ ብሎ ነው ያደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኑርበርግሪንግ ላይ ሞተ።

ምርጡ ውድድሩ የቱ ነው?

በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ኦገስት 4 ቀን 1957፣ ኑርበርግሪንግ፣ ጀርመን። ይህን ጥያቄ ትንሽ ረዘም አድርገን እንመልሰው።

ኑርበርግሪንግ በጫካ መሀል የሚጠማዘዝ 22.8 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ከ170 በላይ ኩርባ አለው። ውድድሩ 22 ዙር ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ፋንጂዮ 46 ዓመቱ ነው፤ የሚነዳው ማሴራቲ 250 ኤፍ ነው። ተቀናቃኞቹ በፌራሪ ያሉት ሆውቶርንና ኮሊንስ ናቸው፤ ሁለቱም በሃያዎቹ ዕድሜ።

ፌራሪዎቹ ታንካቸውን ሞልተው፣ ጠንካራ ጎማ አድርገው፣ ሳይቆሙ ሊጨርሱ አስበዋል። የማሴራቲ ጎማ ለስለስ ያለ ስለሆነ ያን ያህል መንገድ አይችልም። ስለዚህ ፋንጂዮ ሌላ ስሌት ሠራ። በግማሽ ታንክ ይነሳል፤ መኪናው ቀላል ስለሚሆን ይርቃቸዋል፤ 12ኛው ዙር ላይ ቆሞ ነዳጅና ጎማ ይወስዳል። ለማቆሚያው የሚሆን ግማሽ ደቂቃ ያህል ካገኘ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ክፍል እንደታሰበው ሄደ። 30 ሴኮንድ ገደማ አግኝቶ ፒት ገባ። እዚያ ነው ነገር የተበላሸው። የኋላውን ጎማ ሲፈቱ አንዱ መካኒክ ዳዶውን ጣለው፤ ዳዶው ተንከባሎ መኪናው ሥር ገባ። ሲፈለግ ጊዜ ሄደ። ፋንጂዮ ሲወጣ ከሁለቱ ፌራሪዎች 45 ሴኮንድ በላይ ወደኋላ ቀርቷል። የቀረው 10 ዙር ነው።

መጀመሪያ አዲሱ ጎማ እስኪሟሽ ረጋ ብሎ ነዳ። የፌራሪ ሰዎች ይህን አይተው «አለቀለት» ብለው ልጆቻቸውን አረጋጉ። ያኔ ፋንጂዮ ሌላ ሰው ሆነ። የተለመደውን አነዳድ ተወው። አንዳንዱን ኩርባ ከለመደው አንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ ይገባ ጀመር። ማርሹ ከፍ ሲል ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ ቢንሸራተት መመለሻው ትንሽ ነው። ከኩርባው ሲወጣ ግን ፍጥነቱ ይዞት ይወጣል። ይህን ደጋግሞ፣ ዙር በዙር።

የዙሩ ክብረ ወሰን በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ተሰበረ፤ ሰባሪው ሁልጊዜ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ራሱ ያስመዘገበው 9 ደቂቃ ከ41.6 ሴኮንድ ነበር። ያን ቀን 9 ደቂቃ ከ17.4 ሴኮንድ ገባ። ከ24 ሴኮንድ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ከልምምዱ የራሱ ሰዓት እንኳ 8 ሴኮንድ ይፈጥናል። የፌራሪ ፒት ውስጥ ያሉት ሰዓታቸውን ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም።

21ኛው ዙር ላይ መጀመሪያ ኮሊንስን፣ ከዚያ ሆውቶርንን በውስጥ በኩል አለፈ። በ3.6 ሴኮንድ አሸነፈ። አምስተኛው ዋንጫም ያን ቀን ተረጋገጠ። ሆውቶርንና ኮሊንስ መሸነፋቸውን ረስተው ከእሱ እኩል ይስቁና ያቅፉት ነበር። ፋንጂዮ በኋላ ሲናገር በሕይወቱ እንደዚያ ነድቶ እንደማያውቅ፣ ዳግመኛም እንደዚያ መንዳት እንደማይፈልግ ተናግሯል። ማሸነፍ የሚገባው በተቻለ መጠን በዝግታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ያን ቀን ብቻ የራሱን ሕግ ጣሰ።

24ኛውና የመጨረሻው የፎርሙላ ዋን ድሉ ነበር።

ኩባ ውስጥ ታግቷል የሚባለውስ?

ፊልም ይመስላል፤ ግን ሆኗል። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1958 ምሽት፣ ሃቫና፣ ሊንከን ሆቴል። ፋንጂዮ ለኩባ ግራንድ ፕሪ መጥቷል። ሎቢው ውስጥ ከሰዎች ጋር ቆሞ ሲያወራ አንድ ሽጉጥ የያዘ ወጣት መጥቶ «አብረኸኝ ና» አለው። ወጣቱ የፊደል ካስትሮ የጁላይ 26 ንቅናቄ አባል ነበር። ዓላማቸው ገንዘብ አይደለም። አምባገነኑ ባቲስታ «አገሩ ሰላም ነው» ለማለት ያዘጋጀውን ድግስ ማበላሸት፣ የዓለምን ዓይን ወደ ትግላቸው መሳብ ነው።

ባቲስታ ግን ውድድሩ ይካሄድ አለ። በማግስቱ ያለ ፋንጂዮ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ላይ አንድ ፌራሪ ተንሸራቶ ሕዝቡ መሀል ገባ። ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ውድድሩ ቆመ። ፋንጂዮ ያን ሰዓት ጥሩ ምግብ እየበላ፣ ጥሩ እንቅልፍ እየተኛ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት አጋቾች ቤት ነበር። ከአንድ ቀን በላይ ካቆዩት በኋላ ለአርጀንቲና ኤምባሲ አስረከቡት። እሱም ሲጠየቅ በደንብ እንደያዙት መሰከረ። ስማቸውን አላጠፋም።

በዓመቱ አጋቾቹ ሥልጣን ያዙ። ፋንጂዮ በ1981 ወደ ኩባ ሲመለስ እንግዳ ሆኖ ነው የተቀበሉት።

መኪኖቹ ምን ያህል አደገኛ ነበሩ?

ቀበቶ የለም። ሹፌሮቹ ራሳቸው አይፈልጉትም ነበር፤ እሳት ሲነሳ ታስሮ ከመቃጠል መወርወር ይሻላል ባዮች ናቸው። ሄልሜት ግዴታ የሆነው በ1952 ነው። ነዳጁ ከሹፌሩ ጀርባ ነው። መንገዱ ዳር ዛፍ፣ ቦይ፣ የቤት ግድግዳ አለ። ፋንጂዮ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ይወዳደር ነበር።

ሙቀቱም ራሱን የቻለ ጠላት ነው። በጃንዋሪ 1955 በአገሩ በቦነስ አይረስ የተካሄደው ውድድር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ እየተዝለፈለፉ ወርደው መኪናውን ለሌላ እየሰጡ ያርፉ ነበር። ሳይወርዱ የጨረሱት ሁለቱ አርጀንቲናውያን ብቻ ናቸው፦ ፋንጂዮና ሮቤርቶ ሚዬሬስ። የፋንጂዮ እግር በመኪናው ብረት ተቃጥሎ ነበር። እንዴት እንደቻለው ሲያወራ በረዶ ውስጥ እንዳለሁ አስብ ነበር ብሏል። አሸነፈ።

ታዲያ እንዴት በሕይወት ተረፈ?

ዕድልም አለበት፤ ሌ ማንና ሞንዛ ይመስክሩ። ግን ዕድል ብቻ አይደለም። መኪናውን ከሚችለው በላይ አያሠቃየውም። የሞተሩ ድምፅ ሲቀየር ይሰማል። በትንሽ ልዩነት ማሸነፍ በቂው ነው። ለመካኒኮችም ክብር ነበረው፤ በየቡድኑ የሚወዱት ለዚህ ነው። መኪናህን የሚያጠብቀው ሰው ሲወድህ ዳዶው በደንብ ይጠብቃል።

በዙሪያው የነበሩት ግን አለቁ። የአገሩ ልጅ ኦኖፍሬ ማሪሞን በ1954 ኑርበርግሪንግ ላይ በልምምድ ሞተ። አልቤርቶ አስካሪ በ1955፣ ኤውጄኒዮ ካስቴሎቲ በ1957፣ ሙሶና ኮሊንስ በ1958። ሆውቶርን የ1958 ሻምፒዮን ሆኖ ካቆመ በኋላ በጃንዋሪ 1959 በተራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ አረፈ።

ለምን ተወው?

ደከመው። ጁላይ 6 ቀን 1958 የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ፣ ሬምስ። ከአራት ዓመት በፊት ለመርሴዲስ የመጀመሪያውን ድል ያመጣበት ቦታ ነው። መኪናው አልሄድ አለው፤ ለምንድን ነው እዚህ ያለሁት ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሆውቶርን እየመራ መጥቶ በአንድ ዙር ሊደርበው ሲል ፍሬን ያዘ፤ እንዲህ ያለውን ሰው መደረብ ነውር ሆነበት። ፋንጂዮ አራተኛ ወጣ። ከመኪናው ወርዶ «አበቃ» አለ፤ እውነትም አበቃ። ሙሶ የሞተው በዚያው ውድድር ነው።

ሚስትና ልጆች ነበሩት?

በሕግ አላገባም። ለሃያ ዓመት ያህል አብራው የኖረች ሴት ነበረች፤ በ1960 ተለያዩ። ልጅ አለኝ ብሎ በይፋ አልተናገረም። ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስከሬኑ ወጥቶ የዲኤንኤ ምርመራ ተደረገ፤ አባታችን ነው ያሉት ሰዎች እውነት ሆኑ። አንደኛው ራሱ የመኪና ተወዳዳሪ የነበረ ነው። በዚህ ጉዳይ ፋንጂዮን ጀግና ማለት ይከብደኛል።

ካቆመ በኋላ ምን ሠራ?

ወደ አገሩ ተመልሶ መርሴዲስ ሸጠ። በ1974 የመርሴዲስ ቤንዝ አርጀንቲና ፕሬዚዳንት ሆነ። በኋላ ልቡም ኩላሊቱም አስቸገሩት። በ1986 ባልካርሴ ውስጥ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ፤ የነዳቸው መኪኖችና ዋንጫዎቹ እዚያ አሉ። አርጀንቲና የሄደ ከቦነስ አይረስ በመኪና ግማሽ ቀን ቢያጠፋ አይቆጭም።

ከሹማከርና ከሃሚልተን ይበልጣል?

በዋንጫ ብዛት አይበልጥም። አምስቱ ዋንጫ ለ46 ዓመት ያህል ሳይበለጥ ቆይቶ በ2003 ሹማከር ስድስተኛውን ሲወስድ ተሰበረ። ዛሬ ሹማከርና ሃሚልተን ሰባት ሰባት አላቸው። ግን በፋንጂዮ ዘመን በዓመት ሰባት፣ ስምንት ውድድር ነበር፤ ዛሬ ከሃያ በላይ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ የድል ቁጥር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ድርሻውን ካየን 51 ተወዳድሮ 29 ጊዜ ከፊት ሆኖ ተነስቷል፤ 48 ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር። በ46 ዓመቱ ሻምፒዮን የሆነም ሌላ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ፋንጂዮ ይበልጣል፤ ሴናም የሚከራከረኝ አይመስለኝም። በ1993 ብራዚል ላይ ሲያሸንፍ ሽማግሌውን መድረክ ላይ ሲያይ ሮጦ ነው ያቀፈው።

መኪኖቹ ዛሬ ስንት ያወጣሉ?

በ1954 ጀርመንና ስዊዘርላንድ ላይ ያሸነፈባት መርሴዲስ ደብልዩ 196 በ2013 እንግሊዝ ውስጥ በጨረታ 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በ1955 በቦነስ አይረስ የነዳት፣ ጎማዎቿ የተሸፈኑት ሌላ ደብልዩ 196 ከ51 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። የመጀመሪያዋ ፎርድ ታክሲ ግን ጨረታ ላይ አልታየችም።